ከማሽላው ወዲያ የቆሙት ሰው

አዳማ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለችው ፎቶግራፍ ቤት የእኔ የሰብስቤ ናት። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ አንድ አርመን ቤት ነው። አራት ዓመት ሙሉ የፎቶ መድኃኒት ስበጠብጥ፣ ምስሉ የሚቀረጽበትን መስታወት ሳጥብና የሰው አገጭ ሳቃና ኖሬ፣ በእጄ መተማመን ስጀምር ካሜራዬን ተሸክሜ በባቡር ወደ ቆላ ወረድኩ። ሹሙም፣ ነጋዴውም፣ የባቡሩ ሠራተኛም እኔ ፊት ተቀምጧል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ ሰው ሲያየኝ አንገቱን ያቃናል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ሰው ግን ሰለቸኝ። ካሜራ ፊት የተቀመጠ ሰው ትንፋሹን ውጦ ዓይኑን ያፈጣል፤ እየሳቀ የገባው ሁሉ ዳኛ ፊት የቀረበ ይመስላል። በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓሉ ከመጡት ፈረንጆች አንዱ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ባቡሩ በቆመበት ሰዓት እኔ ቤት ጎራ አለ። ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩትን የነብር ቆዳ አይቶ ልቡ ተንጠለጠለ። እኔ ደግሞ ከሻንጣው ብቅ ያለውን ክንድ የሚያህል መነጽር አይቼ የእኔም ልብ ተንጠለጠለ። ሩቅ ያለውን ወፍ ካሜራው አጠገብ አምጥቶ የሚያስቀምጥ መነጽር ነው። ቀለበቱ ስለተሰነጠቀ ለእሱ ሸክም ሆኖበት ነበርና ተለዋወጥን። ባቡሩ ሲያፏጭ እሱ ቆዳውን አቅፎ ሮጠ፤ እኔ ቀለበቱን በጠፍርና በሰም ጠግኜ መነጽሩን ከካሜራዬ ጋር አገጣጠምኩት።

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ወፍ ተከትዬ ዞርኩ። ቢሾፍቱ ሆራ ዳር ሳር ለብሼ ተኝቼ ዳክዬ አነሳሁ። ቆቃ፣ አዋሽ ዳር፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ሽመላ አነሳሁ። ባለቤቴ ዲንቄ «ሰው ሚስቱን ያነሳል፤ የእኔ ባል ዳክዬ ይሞሽራል» እያለች ጎረቤት ታስቅብኝ ነበር። እኔ ግን ዳክዬና ሽመላ አልበቃኝም። ዳክዬው ይቀመጣል፣ ሽመላው ይቆማል፤ ከሹሞቹ በምንም አይሻሉም። የፈለግኩት አንድ ነገር ሲሆን፣ ልክ በሚሆንበት ቅጽበት ማንሳት ነበር። ያንን ያገኘሁት አማቴ ማሳ ላይ ነው።

የዲንቄ አባት ኦቦ ገርባ ከአዳማ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ፣ አዋሽ ሳይሻገሩ ባለው ሜዳ ላይ ማሽላ ያርሱ ነበር። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሰው ናቸው። በዕድሜ ልጃቸው የምሆነውን እኔን «እርስዎ» ነበር የሚሉኝ፤ አንድ ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። በእነሱ ወግ አማች ሶዳ ይባላል፤ ሶዳ ይከበራል። ስሙ አይጠራም፣ የጠየቀው አይከለከልም፣ ፊቱ ድምፅ ከፍ አይደረግም። እኔም በአቅሜ እሳቸው ሳይቀመጡ አልቀመጥም፣ ዓይናቸውን ትክ ብዬ አላይም። ደጃቸው ላይ «ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል ዲንቄ ከውስጥ «ጥጃው ቀድሟችሁ ገባ!» ብላ ትስቅብን ነበር።

አማቴ በዚያ ጊዜ ሁለት ክፉ ዓመት አሳልፈው ነበር። አንዱን አንበጣ በላባቸው፤ በሌላው ዝናቡ ማሽላው ሳያፈራ ጥሎት ሄደ። የ1924ቱ አዝመራ ግን ሲያዩት ያጠግባል። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ፣ ራሱ ከመክበዱ የተነሳ አንገቱን ደፍቶ፣ መቅላት ጀምሮ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ አንድ እሑድ ልንጠይቃቸው ስንሄድ በማሳው ዳር አስከትለውን እየሄዱ እንዲህ አሉን፦

«ይህ ጎተራ ከገባ እዚሁ እሞታለሁ። ካልገባ ግን ከብቶቼን ነድቼ አርሲ ደጋ፣ ወንድሜ ጋ እወጣለሁ። ለሦስተኛ ዓመት እህል አበድሩኝ እያልኩ ጎረቤት አላስቸግርም።»

ዲንቄ እናቷ የሞቱባት በልጅነቷ ነው። ወንድም እህት የላትም። የአጎቷ አገር ከደራ ወዲያ የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ ሽማግሌ እዚያ ከወጣ ተመልሶ አይወርድም። ከዚያ እሑድ በኋላ ከአባቷ ሰፈር ለገበያ የመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ማሽላው ሆነ። «ቀላ? ወፍ አልነካውም? ጠባቂ አለው?» ትላለች። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላወቅኩም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አውቅ ነበር።

የዚያ አገር ማሽላ ጠላት ግሪሳ ነው። አንዷን ነጥለህ ብታያት ከድንቢጥ የማትበልጥ፣ አፏ ቀይ፣ ሚጢጢ ወፍ ናት። ብቻዋን ግን አትመጣም። በሺህና በሺህ ሆና ከአዋሽ ዳር ትነሳና መጀመሪያ ጭስ ትመስላለች፤ ከዚያ ድምፁ ይመጣል። በየማሳው መሃል በአራት እንጨት ላይ የቆመ ማማ አለ። ጠባቂው ከንጋት ጀምሮ እዚያ ላይ ሆኖ በወንጭፍ የጭቃ ድቡልቡል ይወረውራል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ «ሃሃይ!» እያለ ይጣራል። ግሪሳው ከእሱ ማሳ ይነሳና የጎረቤቱ ላይ ሊያርፍ ሲል የጎረቤቱ ወንጭፍ ይቀበለዋል። እንዲህ እየተባረረ፣ እየተንከራተተ ይውላል።

በዚያ እሑድ እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ግሪሳው በአማቴ ወንጭፍ ተደናግጦ ሲነሳ አንድ ጭልፊት ከሰማይ ቁልቁል መጣ። ክንፉን አጥፎ ያ ሁሉ ወፍ መሃል ሲገባ መንጋው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ጭልፊቱ በወዲያኛው በኩል አንዷን በእግሩ ይዞ ወጣ። ሦስት ጊዜ ዓይኔን ሳርገበግብ አለቀ። እኔም አለቀልኝ። ያንን በመስታወት ላይ ካላስቀረሁ ፎቶግራፍ አንሺ ተብዬ መጠራቴ ዋጋ የለውም አልኩ።

በኅዳር አጋማሽ ካሜራዬን በበቅሎ ጭኜ ብቻዬን ሄድኩ። ለአማቴ ነገሩን አስረዳኋቸው። ማማው ላይ እኔ እወጣለሁ፤ ወንጭፉ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይበል፤ ግሪሳው ያለ ስጋት ሰፈር ብሎ ሲቀመጥ ጭልፊቱ ይመጣል፤ እኔ አነሳዋለሁ። የተናገርኩት በልበ ሙሉነት ነው፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ማለት ይቻላል። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ የገብስ አገር ሰው። እኛ ዘንድ ወፍ ማለት ከአውድማ ዳር ሁለት ፍሬ ለቅማ የምትበር ነገር ናት። አንድ ማሳ ብቻ ዝም ሲል በአካባቢው ያለ ግሪሳ ሁሉ እዚያ እንደሚወርድ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ኦቦ ገርባ መሬቱን በዱላቸው ጫፍ ጫር ጫር አደረጉ።

«ለምን ያህል ጊዜ ነው?» አሉ።

«ለጥቂት። ከአዋሽ አንድ እንስራ ውሃ ተቀድቶ እስኪመጣ ያህል።»

«እርስዎ ካሉ እሺ።»

«ስጨርስ ነጠላዬን አውለበልባለሁ፤ ያን ጊዜ ወንጭፍዎን ያንሱ።»

«እሺ። ነጠላዎን ሳላይ አላነሳም፤ ሥራዎን አላበላሽም» አሉኝ። ወንጭፋቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ወፎቹ እንዳይሸሹ ብለው በማሳው ዳር ዞረው፣ ወዲያኛው ጫፍ ካለች ግራር ሥር ሄደው ተቀመጡ። ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ነበር።

የእኔን ካሜራ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው፤ ከኋላው ፈዛዛ መስታወት አለው፤ ጥቁር ጨርቅ ተከናንበህ ዓለሙን እዚያ ላይ ተገልብጦ ታየዋለህ። ማሽላው ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ሰማዩ ከሥር ተነጥፎ። ጨርቁ ውስጥ ስትሆን የውጭው ነገር የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስላል። ግሪሳው መጣ። መጀመሪያ ጥቂቱ፣ ከዚያ ከሰንበታ ማሳ የተባረረው፣ ከዚያ ከወዲያ ማዶ የተባረረው። ሰንበታ የአማቴ ጎረቤት ነው፤ እሱ ባጮኸ ቁጥር ለእኛ ይጨመርልናል። በእያንዳንዱ የማሽላ ራስ ላይ አምስትና ስድስት እየሆኑ ሲሰፍሩ አገዳው ጎንበስ ይል ጀመር። ድምፃቸው ምጣድ ላይ የሚንጣጣ ተልባ ይመስል ነበር። ደስ አለኝ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ያንን ድምፅ እየሰማሁ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ መስታወት አነሳሁ። ጥሩ ነበር፤ እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ጭልፊቱ ግን አልመጣም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አነሳሁ። ጭልፊት አንድ ጊዜ ከሩቅ ታየ፤ ዞረና ሄደ። አሁን ይመለሳል አልኩ። የያዝኳቸው መስታወቶች ሰባት ነበሩ፤ አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን ወፎቹ ወደ ማሳው ወዲያኛው ጫፍ እየገፉ ሲሄዱ እየተከተልኩ አነሳሁ። ሰባተኛውን ለጭልፊቱ አስቀረሁ። ፀሐይዋ ጨርቁ ላይ ስትበረታ ላቤ እስከ ወገቤ ወረደ። ውሃ ቀጂ ብትኖር አዋሽ አምስት ጊዜ ደርሳ ትመለስ ነበር። ቃሌ ትዝ አላለኝም።

ማማው ሲነቃነቅ ነው የባነንኩት። ሰንበታ ከሥር ቆሞ እንጨቱን በሁለት እጁ ይዞ ይወዘውዘዋል።

«አንተ ሰውዬ! ጨርቅህን አውልቅና እይ! ማሽላው እኮ አለቀ!»

«ምን?»

«ገርባ አንተን እየጠበቀ ነው! ሁለት ጊዜ ሄጄ ለመንኩት። ‹ሶዳዬ ሥራውን አልጨረሰም› ይለኛል። ወንጭፉን ልቀማው ብል አልሰጥም አለኝ!»

ሰንበታ አማቴ አይደለም፤ ስለዚህ መጮህ ይችላል። ጨርቁን ገለጥኩ። ከማማው ሥር ጀምሮ እስከ ግራሯ ድረስ ማሳው ቡናማ ሆኖ ይርገበገባል፤ ማሽላ ሳይሆን ላባ የበቀለበት ይመስል ነበር። ነጠላዬን ከትከሻዬ መንጭቄ አውለበለብኩ። ኦቦ ገርባ ወዲያው ወንጭፋቸውን አሽከረከሩ። የመጀመሪያዋ ድቡልቡል ስታርፍ ያ ሁሉ መንጋ እንደ አንድ ሆኖ ተነሳ፤ ጨለማ ሆነ። በዚያች ሰዓት ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጭልፊቱ ቁልቁል መጣ።

እኔም ተመልሼ ጨርቁ ውስጥ ገባሁ። ሰንበታ ከሥሬ እየጮኸ፣ አማቴ በሽምግልናቸው ወዲያ ወዲህ እየሮጡ፣ እኔ ጨርቁ ውስጥ ገብቼ ሰባተኛውን መስታወት አነሳሁ።

ስወርድ ኦቦ ገርባ ወደ እኔ እየመጡ ነበር። በመንገዳቸው አንድ የማሽላ ራስ ያዝ አድርገው በመዳፋቸው አሹ፤ ገለባ ብቻ ረገፈ። አንገቱን ደፍቶ የነበረው ማሽላ ፍሬው ሲበላለት ቀሎት ቀና ብሎ ቆሟል። አጠገቤ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ።

«ቀናዎት ወይ?» አሉ።

«አባባ፣ ምነው ዝም አሉ? ምነው አልጠሩኝም?»

«ነጠላዎን አላየሁማ» አሉ። ወቀሳ አልነበረበትም። የሆነውን ነገር ነበር የነገሩኝ። አንድ የሚሰድበኝ ሰው በነበረ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰንበታ ሊሰድበኝ አፉን ሲከፍት እሳቸው በኦሮምኛ ጥቂት ቃል ተናግረው ዝም አሰኙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ።

«ለዲንቄ ወፍ በላው እንላታለን። ውሸት አይደለም። የምትኖረው ከእርስዎ ጋር ነው፤ በባሏ ባታዝን ይሻላል።»

ስምንት ቀን እዚያው ሰነበትኩ። ቆርቆሮ እየደበደብኩ፣ ድምፄ እስኪዘጋ እየጮኽኩ ከንጋት እስከ ማታ በማሳው ዳር ሮጥኩ። ግሪሳ አንዴ ጠግቦ የበላበትን ቦታ አይረሳም። ከዚህ ሳባርረው ከዚያ ያርፋል። የተረፈው ታጭዶ ሲወቃ የጎተራውን ወለል እንኳ አልሸፈነም። እህል ገዝቼ ላምጣ ብላቸው ኦቦ ገርባ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ፤ ከሶዳ እህል አይቀበሉም። እኛ ቤት ይኑሩ ብላቸው ይበልጥ ደነገጡ። ሶዳ ቤት ሰው ሊጠይቅ ይሄዳል እንጂ አይኖርበትም። ከጊዜ በኋላ ሳስበው፣ በዚያ ሰሞን ያቀረብኩላቸው ሁሉ እሺ ሊሉት የማይችሉትን ነገር ነበር። እሺ ሊሉት የሚችሉትን አንድ ነገር ቀደም ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።

በጥር ከብቶቻቸውን ነድተው ሄዱ። ዲንቄ እስከ አዋሽ መሻገሪያ ሸኘቻቸው። የአንዷን ላም አንገት አቅፋ ስታለቅስ «ይህን ወፍ ነቅሎ ያጥፋው! እንዲህ አድርጎ ይበትነው!» እያለች ወፎቹን ትረግም ነበር። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ። አማቴ ግን አዩኝና ራሳቸውን ትንሽ ነቀነቁ፤ ተውት ማለታቸው ነው። እኔም ተውኩት፤ ለእኔም ቀለለኝና ተውኩት።

«ደህና ይሁኑ። ልጄን አደራ» አሉኝና ተሻገሩ።

መስታወቶቹን ገና ከማሳው እንደተመለስኩ አጥቤያቸው ነበር። በሰባተኛው ላይ ጥግ ብሎ አንድ የተወለጋገደ ጥላ ይታያል፤ የጭልፊቱ ክንፍ ነው ብለህ ካላሰብክ ምንም አይደለም። ሌሎቹን ጭልፊት እንደሌለባቸው አውቅ ስለነበር በደንብ እንኳ አላየኋቸውም። ሰባቱንም ሣጥን ውስጥ ወርውሬ ክዳኑን በሚስማር መታሁት። ረጅሙን መነጽር ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም፤ ሹሞቹ ተቀምጠው ዓይናቸውን ያፍጥጡ፣ ይሻላል አልኩ።

በነሐሴ 1925 ጂብሪል የሚባል ጨው ነጋዴ ከአርሲ ደጋ መጥቶ ደጃችን ቆመ። ኦቦ ገርባ ሐምሌ መግቢያ ላይ አርፈዋል አለን። ደጋው አልተስማማቸውም፤ ከክረምቱ ብርድ ጋር ደረታቸውን አሟቸው፣ ጥቂት ቀን ተኝተው አለፉ። እኛ ስንሰማ ከተቀበሩ አርባ ቀን አልፏል። ዲንቄ ሳትቀብር፣ ፊታቸውን ሳታይ ቀረች። ለቅሶው እኛ ቤት ሆነ። ሰው ሁሉ ሲመጣ በእጇ የምትይዘው የአባቷ ነገር አንድም አልነበራት፤ ጋቢያቸውም ዱላቸውም እዚያው ቀርቷል።

በአራተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲሳሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምጿ በለቅሶ ተዘግቶ ነበር።

«ፎቶግራፉን አምጣልኝ» አለች።

«የቱን?»

«የአባቴን።»

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ።

«የአዳማን ሰው አባት ሁሉ አንስተሃል፤ የእኔን አባት ስጠኝ» አለች።

አልነበረኝም። ስምንት ዓመት አማች ሆኜ አንድ ቀን አላነሳኋቸውም። አማትን እንዴት «እዚህ ይቀመጡ፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉ» ይሏል? ዓይናቸውን ትክ ብዬ የማላየውን ሰው እንዴት በመስታወት አፈጥባቸዋለሁ? ነውር መስሎኝ ዛሬ ነገ ስል ቀረ። ይህንን ስነግራት ሰማችኝና «ዳክዬ አንስተሃል» አለች። ተነስታ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

ያን ጊዜ ነው አማቴ በግራሯ በኩል እንደነበሩ ትዝ ያለኝ። ሩቁን ቅርብ የሚያደርግ መነጽር ነው፤ በስተመጨረሻ ወደዚያኛው ጫፍ አዙሬው ነበር። ጨለማ ክፍሌ ገብቼ ዘጋሁ፣ ሣጥኑን በመዶሻ ፈልቅቄ ከፈትኩ፣ መስታወቶቹን አንድ በአንድ በመስኮቱ ቀዳዳ ብርሃን ላይ አነሳኋቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ላይ የሉም። በአራተኛው ላይ ግሪሳ ከሸፈነው ማሽላ ወዲያ፣ በስተቀኝ ጥግ፣ አሉ። ትንሽ ደብዝዘዋል እንጂ አቋቋማቸው የእሳቸው ነው። ከግራሯ ሥር ተነስተው ቆመዋል፤ ወንጭፋቸው አንገታቸው ላይ ነው፤ የሚያዩት ወፎቹን አይደለም። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ማማው፣ ወደ እኔ ያያሉ። በስድስተኛው ላይም እንደዚያው ናቸው፤ ወፎቹ ብቻ በዝተው እግራቸው ሥር ደርሰዋል። አምስተኛውን ዘልዬው ኖሮ መጨረሻ ላይ አነሳሁት። በአምስተኛው ላይ እጃቸውን አንስተዋል። ከፍ አላደረጉትም፤ ሶዳ ላይ እጅ ከፍ ተደርጎ አይወዛወዝም። እስከ ትከሻቸው ድረስ፣ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ አፍረው የሚያነሱት ዓይነት ነው።

እየጠሩኝ ነበር። አይበቃም ወይ እያሉኝ ነበር። ሁልጊዜ ዝም ብለው የጠበቁኝ ይመስለኝ ነበር፤ ዝም አላሉም ኖሯል። አንድ ጊዜ ለምነውኛል። የለመኑኝ ልክ መዝጊያውን በከፈትኩበት ቅጽበት ነው፤ ቀጥታ ወደ መነጽሩ እያዩ ለምነውኛል፤ ያንንም መስታወት አንስቼ ሌላ አጎረስኩ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሲሰማኝ ለአማቱ እንዲህ የሚያለቅስ አማች የት ይገኛል ብሎ እንዳመሰገነኝ በኋላ ነገሩኝ።

በማግስቱ በረፋዱ ፀሐይ ጥጉን ብቻ አጉልቼ ወረቀት ላይ ላወጣው ተዘጋጀሁ። የፈለግኩት አራተኛውን ነበር፤ ብርሃን ላይ ያነሳሁትም እሱን ነበር። ዲንቄ ግን ሳላያት ከኋላዬ ገብታ ኖሮ አምስተኛውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ወደ ቀዳዳው ያዘችው። የመስታወቱን መልክ ማንበብ ከእኔ ጋር ስትኖር ተምራለች፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ እያለ ሰው ትለያለች።

«ይሄኛውን» አለች። «ይሄኛውን አድርግልኝ።»

«ያኛው ይሻላል፤ ፊታቸው ይበልጥ...»

«ይሄኛውን!»

አደረግኩላት። ወረቀቱ በመድኃኒቱ ውሃ ውስጥ እያለ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። መጀመሪያ ግራሯ መጣች፣ ከዚያ ጋቢያቸው፣ ከዚያ የተነሳው እጃቸው፤ ፊታቸው መጨረሻ ላይ መጣ። ዲንቄ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፍና ነው የሳቀችው።

«አየኸው?» አለችኝ። «ሰላም እያለህ እኮ ነው! ሶዳውን እኮ ከሩቅ ሰላም ሲል ነው ያነሳኸው። አባቴ ይወድህ ነበር፤ እኔ እነግርህ አልነበረም?»

ልነግራት የምችለው ያን ጊዜ ነበር። የሚከለክለኝ ሽማግሌ ከአፈር በታች ነው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ተውት የሚሉኝ የሉም። ወረቀቱን በጣቶቼ ጫፍ ይዤ ከውሃው አወጣሁት።

«አዎ» አልኳት። «ሰላም እያሉኝ ነው።»

አሁን ፎቶግራፉ ከምግብ ገበታችን ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዲንቄ ታሳያለች፤ «አባቴ ነው፤ ባለቤቴን ሰላም ሲለው» ትላለች። እንግዳውም ወደ እኔ ዞሮ እንደዚያ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ሁልጊዜ አዎ እላለሁ።